የአሮጌ ትራክተር ዋጋ የዘመን ምስክር ስለ መሆኑ

ሰው ለሥራው ያበጀው መሣሪያ ሁሉ ያረጃል፤ ነገር ግን የእርጅናው ዋጋ ለሁሉም አንድ አይደለም። በሬ ብዙ ዘመን አርሶ ጉልበቱ ሲደክም ባለቤቱ አድልቦ ለበዓል ገበያ ያወጣዋል፤ ስለዚህ በሬ እስከ መጨረሻይቱ ቀን ድረስ ዋጋ አለው። ማረሻም ሲዶለዱም ወደ ባለ እጅ ሄዶ ይሳላል፤ ሲያልቅም ተቀጥቅጦ ለሌላ ነገር ይሆናል። ትራክተር ግን ሁለመናው ብረት ሆኖ ሳለ ዋጋው እንደ ብረት የጸና አይደለም። በአንድ ዘመን በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚገዛው ሰው ጠፍቶ በቅጥር ግቢ ሣር ይበቅልበታል፤ በሌላ ዘመን ደግሞ ሃያና ሠላሳ ዓመት ካረሰ በኋላ በአዲስነቱ ከተገዛበት ገንዘብ በሚበልጥ ዋጋ ይሸጣል። ያው ብረት፣ ያው ሞተር ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መለያየት ከየት መጣ? የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ጥያቄ በታሪክ መንገድ መርምሮ ለአንባቢ ማቅረብ ነው።

ጥያቄው ወደ አእምሮዬ የገባው ከመጽሐፍ አይደለም። የዕለት ሥራዬ ንብረት መመዝገብ ነው። አንድ ጊዜ ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን ለጨረታ ለሚቀርቡ ዕቃዎች መነሻ ዋጋ እንድናጠና ታዘዝን። ከዕቃዎቹ መካከል ቀለሙ የለቀቀ፣ የፊት ጎማዎቹ የተነፈሱ አንድ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ነበረ። የእርጅና ተቀናሹ ከብዙ ዓመት በፊት ስላለቀ በመዝገቡ ላይ የቀረለት ዋጋ አንድ ብር ብቻ ነበር። ጨረታው በተከፈተ ዕለት ግን ለዚያ የአንድ ብር ዕቃ የቀረቡት ፖስታዎች ለሌላው ዕቃ ከቀረቡት ሁሉ በዙ፤ አሸናፊው የሰጠውም ገንዘብ ትራክተሩ አዲስ ሆኖ ከተገዛበት የሚበልጥ ሆነ። በአጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት መካኒክ መደነቄን አይተው «ልጄ፣ መዝገባችሁ የሚያውቀው የተገዛበትን ቀን ነው፤ ገበያው ግን ነገ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚያየው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአሮጌ ትራክተርን ዋጋ እንደ ተራ የገበያ ነገር ለማየት አልቻልሁም።

በየማለዳው ከአራዳ ተነሥቼ የራስ መኰንንን ድልድይ ተሻግሬ ወደ አራት ኪሎ ስወጣ፣ የመንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ በአጠገቡም የፓርላማው ሕንፃ ይታየኛል። ከዚያም ብዙ ሳይርቅ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አለ። በስተ ኋላዬ የተውሁት አራዳ ደግሞ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ትልቁን ገበያ ወደ መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ የከተማው ዋና ገበያ የነበረበት፣ ከዚያም በኋላ የአርመን፣ የግሪክ፣ የጣሊያንና የአገር ተወላጅ ነጋዴዎች ሱቅ የተደረደረበት ሰፈር ነው። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ከአሮጌዎቹ ቤቶች አያሌዎቹ ፈርሰዋል። በሥላሴ ሰፈር ትራክተር ሲያርስ የሚያይ ሰው የለም፤ ነገር ግን የመሬት ሕግ የተከራከሩበት ምክር ቤት፣ ሕጉና የጨረታው ማስታወቂያ የሚታተምበት ማተሚያ ቤት፣ ዕቃውን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣው ነጋዴ ሱቅ፣ ሦስቱም በአንድ ሰዓት እግር መንገድ ውስጥ ነበሩ። በሑመራና በአርሲ የሚታረሰው ማሳ ላይ የትራክተሩ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ የኖረው ለካ ከዚህ አካባቢ ነው።

የውጭው ዓለም ትምህርት

የአገራችንን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ ትራክተር በብዛት ከተሠራበት አገር መጀመር ይገባል። በአሜሪካ ሄንሪ ፎርድ ፎርድሰን የተባለውን ትራክተር እ.ኤ.አ. በ1917 በብዛት ማውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1922 ደግሞ የአንዱን ዋጋ ከ625 ዶላር ወደ 395 ዶላር በአንድ ጊዜ አወረደው። ተወዳዳሪዎቹ ፋብሪካዎች ተጨነቁ፤ አያሌዎቹም ከገበያ ወጡ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ሌላም ሰው አለ፤ እርሱም ዋጋው ከመውረዱ በፊት በ625 ዶላር የገዛው ገበሬ ነው። ትራክተሩ አልተሰበረም፤ በአንድ ሌሊትም አላረጀም፤ ነገር ግን አዲሱ በ395 ዶላር እየተሸጠ አሮጌውን ከዚያ በላይ የሚገዛው አላገኘም። የመጀመሪያው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፦ የአሮጌ ዕቃ ዋጋ ጣራው የአዲሱ ዕቃ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚያው ከአሜሪካ፣ ከነብራስካ ክፍለ ግዛት ይመጣል። በዚያን ዘመን ብዙ ሻጮች የማይሠራ ትራክተር ለገበሬው እያስታቀፉ ይጠፉ ስለ ነበር፣ የነብራስካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 ሕግ አወጣ። ሕጉ ማናቸውም ትራክተር በክፍለ ግዛቱ ከመሸጡ በፊት በዩኒቨርሲቲው ተፈትኖ ኃይሉ እንዲታወቅ አዘዘ፤ ከዚህም ጋር ሻጩ በዚያው ግዛት ውስጥ መለዋወጫ የሚገኝበት መጋዘን እንዲያቆም አስገደደ። ሕግ አውጪዎቹ መለዋወጫ የሌለው ትራክተር በመጀመሪያው ስብራት ዋጋ ቢስ እንደሚሆን ተረድተው ነበር።

ሦስተኛው ትምህርት ከሶቪየት ኅብረት ነው። በዚያ አገር ትራክተሮቹ የኅብረት እርሻዎቹ ሳይሆኑ የመንግሥት የትራክተር ጣቢያዎች ንብረት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ክሩስቾቭ ጣቢያዎቹ እንዲዘጉና ያገለገሉት ትራክተሮች ለኅብረት እርሻዎቹ እንዲሸጡ አደረገ። ገዢው ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ለመደራደርም ጊዜ አልተሰጠውም፤ ከዚህም የተነሣ ብዙዎቹ እርሻዎች በዕዳ ተያዙ። በትእዛዝ የተቆረጠ ዋጋ መከራከርን ያስቀራል፤ ጉዳቱን ግን አያስቀርም፤ ከሻጩ ትከሻ አንሥቶ በገዢው ትከሻ ላይ ያኖረዋል እንጂ።

ትራክተር በኢትዮጵያ

በአገራችን በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ ከባድ መኪና የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራውን ባቡር ወደ አዲስ አበባ ባስመጡ ጊዜ ነው። ያ ባቡር የመንገድ እንጂ የእርሻ መሣሪያ አልነበረም። ትራክተር በቁም ነገር ወደ እርሻው የገባው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1956 የተከፈተው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ስለ እርሻ መሣሪያ የተማሩ ወጣቶችን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1961 በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተመሠረተ። በሰቲት ሑመራም ሰፊው ሜዳ ለሰሊጥና ለማሽላ በትራክተር ተከፈተ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቋመ። ድርጅቱ ሲታሰብ ዓላማው ትንሹን ገበሬ በተመረጠ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር መርዳት ነበር። ነገር ግን አዲሱ የስንዴ ዘር ምርቱን ባበዛ ጊዜ፣ ከዚህ በፊት መሬቱን ለጢሰኛ ሰጥቶ እኩሌታውን ወይም ሢሶውን ይቀበል የነበረው ባለ ርስት ሌላ ሒሳብ አሰበ። ለእርሻ የሚገባ ትራክተር ከቀረጥ ነጻ ነበር፤ የእርሻው ነዳጅም የቀረጥ ምሕረት ነበረው፤ ብድርም ትልቅ መሬት ላለው ሰው አይከለከልም ነበር። የኢትዮጵያ ብር ምንዛሪም ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 2 ብር ከ50 ሣንቲም ገደማ ሆኖ ለረጅም ዓመታት ጸንቶ ስለ ቆየ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በየዓመቱ አይወደድም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ለአሮጌው ትራክተር ምን ማለት እንደ ነበረ አስተውል። አዲሱ ያለ ቀረጥና በብድር በሚገኝበት አገር አሮጌውን ተሟሙቶ የሚገዛው ማን ነው? ባለ ገንዘቡ አዲሱን ይመርጣል፤ ትንሹ ገበሬ ደግሞ አሮጌውንም ለመግዛት አቅም የለውም፤ ቢገዛውም ጥቂት ጥማድ መሬቱ አያሠራውም። ስለዚህ ትራክተሩ ቶሎ ቢረክስ ባለቤቱን እጅግ አያሳዝነውም ነበር፤ ገንዘቡን በሁለትና በሦስት መኸር ከመሬቱ አውጥቶታልና። መሣሪያውን ያረከሰው ፋብሪካው ሳይሆን የመንግሥት ችሮታ ነበር።

ይሁን እንጂ የመሣሪያው መርከስ የሰው መርከስን አመጣ። አንድ ትራክተር የብዙ ጥንድ በሬ ሥራ ስለሚሠራ፣ በጭላሎ ባለ ርስቶች መሬታቸውን ከጢሰኛ እየነጠቁ ራሳቸው በትራክተር ማረስ፣ ወይም ለትራክተር ባለቤቶች ማከራየት ጀመሩ። ከአባቱ ጀምሮ ያረሰውን መሬት ለቅቆ የሚሄደው ጢሰኛ በሬውን እየነዳ፣ ልጆቹን እየመራ ሲሄድ፣ በሒሳብ መዝገብ የትም ቦታ አልተጻፈም። በቀረጥ ምሕረት የተተወው ገንዘብ በመንግሥት መዝገብ ላይ ይታይ ይሆናል፤ የዚያ ጢሰኛ ኪሣራ ግን የሚታይበት ዓምድ አልነበረም።

ይህ ጉዳይ በሥላሴ አጠገብ ባለው ምክር ቤት በር ላይም ተሰምቶ ነበር። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው በሰልፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1966 የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በባለ ርስትና በጢሰኛ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚወስን የሕግ ረቂቅም ተዘጋጀ። ነገር ግን አብዛኞቹ እንደራሴዎች ራሳቸው ባለ መሬቶች ስለ ነበሩ ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ትራክተርን የሚያረክሰው ደንብ ሳይዘገይ ሲሠራ፣ በትራክተሩ የሚፈናቀለውን ሰው የሚጠብቀው ሕግ ግን ከጠረጴዛ ሳይነሣ ዘመኑ አለፈ።

ገዢ የጠፋበት ዘመን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ታወጀ። በአዋጁ መሠረት ለአንድ ቤተ ሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ መሬት መሸጥ፣ ማከራየትና በዋስትና ማስያዝ ተከለከለ። ጢሰኝነትም በዚያን ቀን ቀረ። ይህ በአገራችን ታሪክ እጅግ ትልቅ ለውጥ እንደ ነበረ ማንም አይክድም። እኛ ግን በያዝነው ጉዳይ ላይ ብቻ እንመልከተው።

በዚያች ሳምንት ትራክተሮቹ በያሉበት ቆመው ነበር፤ ሞተራቸውም ከቀድሞው ሳምንት አልተለወጠም። ነገር ግን የግል ገዢ የሚባል ሰው ጠፋ። ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ያለው፣ ያውም ሠራተኛ መቅጠር የተከለከለበት ገበሬ ትራክተርን ምን ያደርግበታል? ትላልቆቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተዛወሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የመንግሥት እርሻዎች ልማት ሚኒስቴርም ተቋቋመ። ፎርድ ዋጋውን በወረቀት ላይ ሲቀንስ የአሜሪካውን ገበሬ ትራክተር እንዳረከሰው፣ የመሬት አዋጁም የኢትዮጵያውን ባለ ትራክተር ዋጋ ያለ መዶሻ ሰበረው። ልዩነቱ በአሜሪካ ገበያው መቅረቱ፣ በኢትዮጵያ ግን ገበያው ራሱ መዘጋቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ትራክተር በድልድል የሚታደል ዕቃ ሆነ። ከሶቪየት ኅብረት ጋር በነበረው ወዳጅነት ቤላሩስ የተባለው ትራክተር በብዛት ገባ፤ በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽም በናዝሬት ከተማ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ። ፋብሪካው ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለ ሙያዎችን አሠልጥኗል፤ ኋላም አዳማ የእርሻ መሣሪያዎች ኢንዱስትሪ ተብሎ ቀጥሏል። ነገር ግን የሚሸጥና የሚገዛ በሌለበት አገር አሮጌ ዕቃ ዋጋውን የሚናገርበት አፍ የለውም። በገበያ አገር የሚሠራው አሮጌ ትራክተር ይወደዳል፤ የማይሠራው ይረክሳል፤ ባለቤቱም ይህን እያየ ትራክተሩን ይጠብቃል፤ ዘይቱን በጊዜው ይለውጣል። በድልድል አገር ግን የተጠበቀውም ያልተጠበቀውም በመዝገብ ላይ እኩል ነው። ስለዚህ ነው በየመንግሥት እርሻው ግቢ አንዱ ትራክተር ለሌላው አካሉን እየሰጠ፣ ፓምፑ ለዚህ፣ ካምቢዮው ለዚያ እየተፈታ፣ በመጨረሻ አጽሙ ብቻ ተደርድሮ የሚታየው።

የቀለለው ብር

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ አወጣ፤ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በየቦታው ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ የግል ነጋዴ እንደ ገና ትራክተር ማስመጣት፣ የግል ገበሬና ባለ ሀብትም መግዛት ቻለ። የአሮጌው ትራክተር ገበያ ተነሣ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ የተነሣው ገበያ ከጥንቱ የተለየ ነው፤ ልዩነቱም በምንዛሪው ላይ ነው።

ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ ዶላር ዋጋ 2 ብር ከ7 ሣንቲም ነበር። በ1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ ብቻ እናስላው። አንድ ትራክተር በውጭ አገር 10,000 ዶላር ያወጣል እንበል። ማጓጓዣውንና ትርፉን ትተን፣ ከለውጡ በፊት የገዛው ሰው 20,700 ብር ከፍሏል። ትራክተሩ አርሶ አርሶ እኩሌታው አለቀ። በቀድሞው ሒሳብ ቢሸጠው 10,350 ብር ያገኝ ነበር። ነገር ግን ከለውጡ በኋላ አዲሱ 50,000 ብር ስለ ሆነ፣ በግማሽ ያለቀው ትራክተር 25,000 ብር ተሸጠ። እኩሌታውን የበላው ትራክተር ባለቤት ከገዛበት በላይ አገኘ ማለት ነው።

ይኸው ነገር በኋላም ተደጋገመ። ብር በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ደግሞም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዋጋው ዝቅ ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። በ57 ብር ሒሳብ 570,000 ብር የነበረው የምሳሌያችን ትራክተር በ120 ብር ሒሳብ 1,200,000 ብር ሆነ፤ በግማሽ ያለቀውም 600,000 ብር አወጣ። በዚያ በጨረታው ዕለት ያየሁት የአንድ ብር ትራክተር ምሥጢር እነሆ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባለ ትራክተሩ ከበርሁ ይላል፤ ጎረቤቱም ከበረ ይለዋል። ነገር ግን 600,000 ብሩን ይዞ አዲስ ልግዛ ቢል የሚያገኘው የትራክተር እኩሌታ ነው። የከበረው ትራክተሩ አይደለም፤ የቀለለው ብሩ ነው። ይልቁንም ብርቱ ጉዳት የሚደርሰው መዝገቡን በቅንነት በሚይዝ መሥሪያ ቤትና ማኅበር ላይ ነው። በየዓመቱ ከተገዛበት ዋጋ ላይ የእርጅና ተቀናሽ እየያዘ ገንዘቡን ቢያጠራቅም፣ ትራክተሩ በሚያልቅበት ጊዜ በእጁ የሚገኘው 570,000 ብር ነው፤ አዲሱ ደግሞ 1,200,000 ብር ነው። ሒሳቡ አንድም ስሕተት ሳይኖርበት ማኅበሩ ያለ ትራክተር ይቀራል። መዝገቡ የአንድ ብር ዕቃ ያለውን አሮጌ ትራክተር በችኰላ ቢሸጠው ደግሞ፣ የሚያርስለትን ሰጥቶ የማይተካ ገንዘብ ተቀበለ ማለት ነው።

ከምንዛሪው ሌላ የአሮጌውን ዋጋ የሚያጸና ሁለተኛ ነገር የመሬት ሕጉ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። በሌሎች አገሮች ገበሬ ያተረፈውን ገንዘብ መሬት ይገዛበታል፤ በእኛ አገር ግን ከመኸር የተረፈ ገንዘብ ወደ ከብት፣ ወደ ቆርቆሮ ቤት፣ ወደ መኪናና ወደ ትራክተር ይሄዳል። ስለዚህ ትራክተር መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ማኖሪያ ሆኗል። ይህም በሕግ ታውቋል፤ የካፒታል ዕቃዎችን በኪራይ የማግኘት ሥርዐት በአዋጅ ቁጥር 103/1990 ተፈቅዷል፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ተደርጓል። በዚያው በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ለእርሻ መሣሪያዎች የቀረጥና የታክስ ነጻነት ሰጥቷል።

አሮጌን ትራክተር ስለ መመዘን

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር መለዋወጫ ነው። በጨረታው ላይ ያ ማሴ ፈርጉሰን ለምን ተወደደ? ሌላ ትራክተር ቢሆን ይህን ያህል ፖስታ ይመጣለት ነበርን? ለዚህ መልሱ ከሃሪ ፈርጉሰን ታሪክ ይገኛል። ይህ የአየርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር በሦስት ክንድ አገናኝቶ በዘይት ግፊት የሚያነሣና የሚያወርድ ዘዴ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ የተሠራው የእርሱ ትንሽ ግራጫ ትራክተር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥቶ በዓለም ተበተነ። ኩባንያው ከማሴ ሃሪስ ጋር ከተዋሐደ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የማሴ ፈርጉሰን ትራክተር በሕንድና በፓኪስታን ጭምር ተሠራ። ከዚህም የተነሣ ለአሮጌው የሚሆን ፒስተንና ፓምፕ ከብዙ አገር ይመጣል፤ በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚፈልግ ሰው ወይ አዲሱን፣ ወይ ያገለገለውን ያገኛል። መለዋወጫው ባይገኝ እንኳ የአገራችን ቶርነሪ ቤት አስመስሎ ያወጣዋል። ሌላው ብርቅ ትራክተር ግን ከዚያ ይልቅ አዲስና ብርቱ ቢሆንም፣ አንዲት ዕቃ ከጠፋችው መጨረሻው ምናለሽ ተራ ነው።

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ልማድ ብቻ እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካም ገበሬዎች አርባ ዓመት ያለፋቸውን ትራክተሮች በጨረታ እየተሻሙ መግዛታቸው ተጽፏል። አዲሶቹ በኮምፒዩተር ስለሚሠሩ ገበሬው ራሱ ሊጠግናቸው አልቻለም፤ አሮጌውን ግን በመፍቻ ይፈታዋል። ሰው የሚገዛው የሚያስተዳድረውን መሣሪያ ነው።

እንግዲህ አሮጌ ትራክተር የሚመዝን ሰው ቀለሙንና የተሠራበትን ዓመት ብቻ አይይ። ትራክተር በዓመት ሳይሆን በሠራበት ሰዓት ያረጃልና ሰዓት ቆጣሪውን ይይ፤ ቆጣሪው የቆመ ወይም የተነካካ ከሆነ የፍሪሲዮን መርገጫውን መበላት ይመልከት፤ እግር የረገጠው ብረት አይዋሽም። ሞተሩ በብርድ ሲነሣ የሚያወጣውን ጭስ ይመርምር። ማረሻውን አንሥቶ ያቁመው፤ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ የዘይት ግፊቱ ደክሟል። የኋላ ጎማ ዋጋው ብርቱ ስለሆነ ለብቻው ያስላው። የትራክተሩ ሊብሬና የቀረጥ ወረቀት መሟላቱን ያረጋግጥ፤ ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ጣጣ ያመጣልና። ከሁሉም በኋላ «መለዋወጫው የት ይገኛል?» ብሎ ይጠይቅ።

መደምደሚያ

የሰባ ዓመቱን ታሪክ መለስ ብለን ስንመለከት፣ የአሮጌ ትራክተር ዋጋ ከመቼውም ጊዜ ይልቅ በብርቱ የተናወጠው ትራክተሩ ስለ ደከመ ሳይሆን በከተማ የተጻፈ ወረቀት ስለ ተለወጠ ነው። የቀረጥ ምሕረት አረከሰው፤ የመሬት አዋጅ ገዢ አሳጣው፤ የምንዛሪ ለውጥ ደግሞ በወረቀት ላይ አከበረው። ወረቀቱን የሚጽፈው ሰው ሁልጊዜ ስለ ትራክተር አያስብም ነበር፤ የወረቀቱ ዋጋ ግን በማሳው ላይ ተከፈለ።

ዛሬ በአርሲና በባሌ ባለ ትንሽ መሬቱ ገበሬ ትራክተርና ኮምባይነር ተከራይቶ ያሳርሳል፤ ያሳጭዳል። የትራክተሩ ዋጋ ሲወደድ ኪራዩ ይወደድበታል፤ ወቅቱ ሳያልፍ ካላረሰም ዝናቡ አይጠብቀውም። በጥንቱ ዘመን ትራክተሩ ሲረክስ ጢሰኛው ተጎዳ፤ በአሁኑ ዘመን ትራክተሩ ሲወደድ ተከራዩ ይጎዳል። ስለዚህ ርካሽነትም ውድነትም በራሱ በጎ ወይም ክፉ አይደለም፤ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ካልተጠየቀ ሁለቱም በደካማው ላይ ይወድቃሉ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆንን ሁሉ ይህን ልናስብበት ይገባናል። ንብረት የምንመዘግብ የዕቃውን የመዝገብ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመተኪያውን ዋጋ አጠገቡ እንጻፍ። ዕቃ የምናስገዛ ከትራክተሩ ጋር መለዋወጫውንና መካኒኩን እናስብ፤ ነብራስካ ይህን ከመቶ ዓመት በፊት አስባዋለች። ደንብ የምናረቅቅ ደንቡ ማንን እንደሚያነሣና ማንን እንደሚያፈናቅል አስቀድመን እንጠይቅ። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው የሒሳብ ጥያቄ ሲሰጡ የዚህን የግማሽ ትራክተር ሒሳብ ቢሰጧቸው፣ ልጆቹ ስለ ገንዘብ አንድ ቁም ነገር ይማሩበታል።

ያ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን ጎማው ተነፍቶለት፣ ባትሪ ተውሰውለት በአዲሱ ጌታው እጅ ከግቢያችን ሲወጣ አየሁት። ጭሱን እያጤሰ በሥላሴ በኩል አልፎ ወደ ክፍለ ሀገር መንገድ ሲያቀና፣ መኪኖቹ ከኋላው ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፉበት ነበር። እኔም ወደ ቢሮዬ ተመልሼ በመዝገቡ ላይ በስሙ ትይዩ «ተወግዷል» ብዬ ጻፍሁ። በዚያ ዓመት መኸር ግን በአንድ ማሳ ላይ ሲያርስ እንደ ከረመ አልጠራጠርም።